ዓይን ዓይኔን ይዩ

እየሩስ ፎቶ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ስታፍተለትል ሳያት፣ ገና አፏን ሳትከፍት በቀሌ በእግሩ እንደመጣልኝ አወቅኩ። የወይዘሮ ጌታነሽ ልጅ እኔን ፍለጋ የምትመጣው ሌላ መሄጃ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ግቢ አላልኳትም። እዚያው ቆማ ነገረችኝ። አባቷ ጋሽ ኪዳነ በነጋታው ለሕክምና አዲስ አበባ ሊወሰዱ ነው። ሐኪሙ ምን እንዳለ በግልጽ ባትነግረኝም፣ ልጆቹ በሙሉ ከያሉበት ተጠርተው መምጣታቸውን ስትናገር ድምጿ ተሰበረ። ጋሽ ኪዳነ ሳይሄዱ ከነቤተሰባቸው ፎቶ መነሳት ይፈልጋሉ። ከደብረ ብርሃን የተጠራው ፎቶ አንሺ መኪናው መንገድ ላይ፣ ጓሳ ተራራ ሲደርስ፣ ተበላሽቶበት ቀርቷል። ያኔ፣ በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት፣ መሐል ሜዳ ውስጥ ካሜራ ይዞ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ የሚያነሳ ከእኔ ሌላ አልነበረም።

እናትሽ ናት የላከችሽ ብዬ ጠየቅኳት። አባቷ መሆናቸውን መሬት መሬት እያየች መለሰችልኝ። ወንድሟ ኃይለመስቀል መጥቶ እንደሆነ ግን አልጠየቅኳትም። ልጆቹ በሙሉ ካለች እሱም አለ ማለት ነው።

እመጣለሁ ብዬ ሸኘኋትና በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ካሜራዬን ከፍቼ ፊልሙን አወጣሁት፤ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ያንን ቤተሰብ ደጅ አውጥቼ በንፋስና በፀሐይ አሰልፋለሁ፤ ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ጠጋ በሉ እያልኩ አንገላታቸዋለሁ፤ ሲጨርሱና ሲመርቁኝ ካሜራውን ከፍቼ ባዶ ሆዱን ለጌታነሽ አሳያታለሁ። ከዚያ ፊልሙን ከኪሴ አውጥቼ እሱንም አሳይቻት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ፎቶው የታመመ ሰው የመጨረሻ ፎቶ መሆኑን አላጣሁትም። ሳውቀው ነው ያሰብኩት።

ጨካኝ ናት ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ቆዩኝ፣ መጀመሪያ ስሙኝ።

አባቴ ወልደ አማኑኤል ቀጥቃጭ ነው። የአካባቢው ገበሬ የሚያርስበትን ማረሻ፣ የሚያጭድበትን ማጭድ የሠራው እሱ ነው። ማረሻውን ሲወስዱ እጅህን ይባርከው ይሉታል፤ ዞር ሲል ቡዳ ይሉታል። እኛ ያየነው ሕፃን ይታመማል፣ እኛ የጠጣንበት ዕቃ አይነካም ብለው ያምናሉ። እኔ አመተሥላሴ ነው ስሜ። ክርስትና የተነሳሁትም እነሱ በተነሱበት ደብር ነው። ስሜም ደብሩም ግን ከዚያ ስድብ አላዳኑኝም።

ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ሥራውን ለምጄ ስመለስና የራሴን ቤት ስከፍት ከተማው ሳቀብኝ። ዓይኗ የሚፈራ ሴት በዓይኗ እንጀራ ልትበላ ነው ተባለ። ይሳቁ እንጂ መምጣታቸው አልቀረም፤ ሠርግም ክርስትናም ያለ ፎቶ አያምርማ።

የእነ ጋሽ ኪዳነን ቤተሰብ መጀመሪያ ያነሳሁት ትልቁ ልጃቸው አወቀ ልጁን ክርስትና ያስነሳ ዕለት ነው። አሰለፍኳቸው፣ አነሳኋቸው፣ ፊልሙን በአውቶቡስ ልኬ ደብረ ብርሃን አሳጠብኩት። ፎቶው ተመልሶ ሲመጣልኝ ማመን አቃተኝ። ሁሉም ሌላ ሌላ ቦታ ያያሉ። ጌታነሽ አጥሩን፣ አወቀ ጣራውን፣ እየሩስ ጫማዋን፤ ጋሽ ኪዳነ እንኳ አንጋጠው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እኔ ከመምጣቴ በፊት እናትየው ዓይኗን እንዳታዩ ብላ አስጠንቅቃቸው ኖሯል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቀጥ ብሎ እኔን የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኃይለመስቀል።

ፎቶውን ሊወስድ የመጣውም እሱ ነበር። ለምን እንዳየኝ ጠየቅኩት።

“ምን ልይ ታዲያ?” አለኝ።

በዚህች አንዲት ቃል ወደድኩት። መሐል ሜዳ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያወራኝ ትከሻዬን ወይ ግንባሬን ነው የሚያየው፤ እሱ ዓይኔን እያየ ያወራኛል፣ ዓይኔን እያየ ይስቃል፣ ዝም ስንባባልም ዓይኑን አይነቅልም። ያላየው ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያጠግብ አያውቅም። ዓመት ሙሉ እንዲህ ከረምን። በዓመቱ ላገባት ነው ብሎ ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቀኝ ቤታቸው ወሰደኝ።

ጋሽ ኪዳነ ያን ቀን ራቤል ገበያ ሄደው ነበር። ጌታነሽ በብርጭቆ ጠላ ቀድታ ሰጠችኝ። ደስ አለኝ፤ እጇ ወደ እኔ ሲዘረጋ መጀመሪያዬ ነበር። ግማሹን እንደጠጣሁ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ተናገረች።

“ጠጪና ሂጂ እንግዲህ። ልጄ ከቀጥቃጭ ቤት አያገባም።”

ወደ ኃይለመስቀል ዞርኩ። አንድ ቃል ብቻ ጠበቅኩ። እማዬ ተይ ቢል ይበቃኝ ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ወለሉን አየ። ያ ዓይን፣ የኔ ያልኩት ዓይን፣ ወለል አየ። ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ። የአጥሩን በር ስከፍት ከቤት ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ ድምፅ ሰማሁ። የጠጣሁበትን ሰበረችው።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ። እሱ መሆኑን ኮቴውን ሰምቼ አውቄያለሁ፤ አልከፈትኩም። ጠዋት ስነሳ ደጃፌ ላይ ጠብታ ደም አየሁ፤ ጎረቤቴ ዶሮ አርዳ ይሆናል ብዬ ጠራረግኩት። በዚያው ሰሞን አስተማሪ ሆኖ ዓለም ከተማ መመደቡን ሰማሁ። በሰው ሰላምታ ሲልክልኝ ሳልቀበል መለስኩበት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት የኖርኩት ያንን የብርጭቆ ድምፅ እየሰማሁ ነው። አሁን ፍረዱኝ።

ቤታቸው ስደርስ ጋሽ ኪዳነ ደጅ ወንበር ወጥቶላቸው በጋቢ ላይ በርኖስ ደርበው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አልቋል። “መጣሽ ልጄ? ብርዱ አስቸገረሽ” አሉኝ። የሚያስቸግረውስ እናንተን ነው አልኩ በልቤ። ጌታነሽ የልጅ ልጆቿን ፊት በነጠላዋ ሸፍና በሩ ጋ ቆማለች። በአፌ እርስዎ እላታለሁ፤ ለእናንተ ሳወራ ግን እሷ ነው የምላት፣ ከዚህ በላይ አክብሮት ከእኔ አትጠብቅ።

እየሩስ የድንጋዩ ካብ ላይ አዲስ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሰቅላ ጠብቃኛለች። ቦታው ትክክል ነበር። ካቡ ንፋሱን ይከልላል፤ ጥላ ስለሆነ ማንም ዓይኑን አይጨፍንም፤ የባናውም ጥቁረት ነጭ ልብስን ያጎላል። ደህና ፎቶ የሚያነሳ ሰው እዚያ ነው የሚያቆማቸው። እኔ ባናውን አስወርጄ አውድማው ላይ አወጣኋቸው፤ ንፋሱ ከጓሳ በኩል እየወረደ በሚገርፈው፣ ፀሐዩ ፊት ለፊት በሚመጣው ቦታ።

ካሜራ የያዘ ሰው ለዚያች ሰዓት የቤቱ አዛዥ ነው። ሽማግሌም ቢሆን ተነሳ ሲሉት ይነሳል። ጌታነሽን ከባሏ ቀኝ አስቀመጥኳት፤ አይ፣ ግራው ይሻላል ብዬ አስነሳኋት፤ እንደገና ወደ ቀኝ መለስኳት። ቀሚስዎን ያስተካክሉ፣ አገጭዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ አልኳት። ሁሉንም ታዘዘች። የልጆቹን ፊት ይግለጡት ስላት እጇ ጥቂት ዘገየ፤ ከዚያ ገለጠችው። አንገታቸው ላይ አዲስ ክታብ ታስሯል። እኔን ፈርታ ያሠራችው መሆኑን ሳውቅ በቀሌ ጣፈጠኝ።

ኃይለመስቀል መጨረሻ ላይ ከቤት ወጣ። ከስቷል፤ ጸጉሩም ጆሮው ጋ ሽበት ጀምሮታል። ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ እንደከተተ ሰላም አለኝ። አልመለስኩለትም። እንግዳ ሰው እንደማዝ፣ አንተ ከኋላ፣ ከአባትህ ጀርባ አልኩት። ሄዶ ቆመ። ያለ ፈቃዴ ዞር ብዬ አየሁት፤ ለዚህም እሱኑ ተናደድኩበት።

ካሜራውን ሦስት እግሩ ላይ አቁሜ በቀዳዳው አየኋቸው። እንደ ድሮው ነው። ጌታነሽ አጥሩን፣ አወቀ ጣራውን፣ እየሩስ ጫማዋን ያያሉ። ቀና አልኩ።

“እትዬ ጌታነሽ፣ ዓይን ዓይኔን ይዩ።”

አጥሩን ማየቷን አልተወችም። እንዲህ እንደለመደችና ይህም እንደሚበቃት ተናገረች።

“እርስዎ ይበቃዎታል። ጋሽ ኪዳነ ግን ከጎናቸው ፊቷን ያዞረች ሚስት ይዘው ሊቀሩ ነው” አልኳት።

ጋሽ ኪዳነ ወደ እሷ አልዞሩም። ቀስ ብለው፣ “ጌታነሽ፣ እያት” አሉ።

አየችኝ። ወደ ካሜራው ቀዳዳ ጎንበስ ብዬ በመስታወቱ ውስጥ የእነዚያን ዓይኖች ፍርሃት እስኪበቃኝ ጠጣሁት። የባሏን ጋቢ ጫፍ ጨብጣለች። ልቀቂያት የሚል ድምፅ በውስጤ ነበር፤ አለቀቅኳትም። አወቀም አየኝ፤ እየሩስም አየችኝ፤ ሕፃናቱ እንኳ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ያ ቤት ያለበትን ዕዳ በሙሉ በዓይኑ ከፈለኝ ልል ስል አንድ ሰው ጎደለ። ኃይለመስቀል መሬት መሬት ያያል። ሁሉም ፊቱን ባዞረበት ቀን ብቻውን ያየኝ ሰው፣ ሁሉም ባየኝ ቀን ብቻውን አቀርቅሯል።

ይህ ከስድቡ በላይ አመመኝ። አቋቋሙን የማስተካክል መስዬ ወደ እሱ ሄድኩ። ቀኝ እጅህን አባትህ ትከሻ ላይ አድርግ አልኩት። ግራውን አደረገ። ቀኙን ነው ያልኩህ ብዬ ክንዱን ይዤ እጁን ከኪሱ አወጣሁት። መዳፉን ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው የሚያቋርጥ ወፍራም ጠባሳ አለው። ሁለቱ ጣቶቹ አይዘረጉም።

“ምንድን ነው ይሄ?” አልኩት። ልጠይቀው አልፈለግኩም ነበር።

“ብርጭቆ ነው።”

“የምን ብርጭቆ?”

“አንቺ የጠጣሽበት።”

ጌታነሽ ሳትዞር ትከሻዋ ተሸማቀቀ። ኃይለመስቀል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው ሆኖ ነገረኝ። እኔ እንደወጣሁ ያስተረፍኩትን ጠላ አንስቶ አፉ ላይ አድርሶት ነበር። እናቱ ጮኻ ከእጁ ልትነጥቀው ተናነቀችው። መሃላቸው ተሰበረ። ያንን እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ነው አመሻሽ ላይ በሬን ያንኳኳው። የዶሮ ነው ብዬ የጠራረግኩት ደም ፊቴ ድቅን አለብኝ።

“ፊትሽ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ” አለኝ። “የጀገንኩት ከወጣሽ በኋላ ነው። ዓይንሽን የማላየው ለዚያ ነው፣ አመቴ።”

አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ባለቅስ ደስ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። አልተጠመጠምኩም። ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ቂም በአንድ ጠባሳ ከጫንቃዬ አይወርድም፤ ቦታውን ብቻ ቀየረ። ለካ ሰባሪዋን ስረግም የኖርኩት ስለ ድምፁ ብቻ ነው፤ ስለ እጁ አላውቅም ነበር። ያን ማታ በሬን ብከፍት ኖሮ። ይህን ማሰብ አልቻልኩም፤ እጁን አባቱ ትከሻ ላይ፣ ጠባሳውን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኩና ወደ ካሜራዬ ተመለስኩ። ማንሻውን ተጫንኩት። ባዶው ካሜራ ጠቅ አለ።

ጋሽ ኪዳነ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። “ተባረኪ። እንግዲህ ብሞትም ለልቅሶዬ የሚይዙት ፊት አላቸው” አሉ።

በአገራችን ሟች ሲለቀስ ፎቶው ደረት ላይ ተይዞ ይዞራል። እኒህ ሰው ሌላ ፎቷቸው ያው ሰማይ ሰማይ የሚያዩበት ነው። ይህን ቤቴ ሆኜ ሳስበው ጣፍጦኝ ነበር። አሁን ግን የበሰለውን በቀሌን ልጥለውም ልውጠውም አቃተኝ። የካሜራውን ጀርባ ከፍቼ ወደ ጌታነሽ አዞርኩት።

“ባዶ ነው” አልኳት። “ፊልሙ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው። ከቤቴ ስወጣ ነው ያወጣሁት።”

አወቀ ሊናገር ከኋላ ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ኪዳነ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። ካሜራውን፣ ከዚያ እኔን አዩ።

“ይገባናል። እኛም ሰማይ ሰማይ ያየን ነን” አሉ።

ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ለስድብ መልስ ነበረኝ። ጌታነሽ ማልቀስ ጀመረች። የምትፈልጊውን ልክፈልሽ፣ እባክሽ ለሱ ብለሽ አንሺን አለችኝ። እባክሽ። ከዚያ አፍ ይህን ቃል ስሰማ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ጠላ በብርጭቆ እንድታመጣልኝ እየሩስን ላክኳት። አመጣችው። እየተመለከቱኝ ግማሹን ጠጣሁና ብርጭቆውን ለጌታነሽ ዘረጋሁላት።

“ክፍያዬ ይኸው ነው። የተረፈውን ይጠጡት።”

በሁለት እጇ ተቀበለችው። ባሏን አየች፤ አልረዷትም። የልጇን እጅ አየች፤ እዚያው አባቱ ትከሻ ላይ፣ እኔ ባስቀመጥኩበት ጠባሳው ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጧል። ከዚያ ማንም ሳያዛት እኔን አየችኝ። ዓይን ዓይኔን እያየች እስከ ታች ጠጣችው። ስትጨርስ ብርጭቆውን ካቡ ላይ አስቀመጠችው።

ፊልሙን አጎረስኩ። ወደ ጥላው መለስኳቸው፤ ባናውን እንደገና አሰቀልኩ። ጋሽ ኪዳነን መሃል፣ ጌታነሽን ቀኛቸው፣ ሕፃናቱን እግራቸው ሥር አደረግኩ። የማውቀውን ሁሉ አወጣሁ፤ የማንም እጅ ሥራ ፈትቶ አልተንጠለጠለም፣ የማንም ፊት በማንም አልተጋረደም። ዓይን ዓይኔን እዩ አልኳቸው፤ አዩኝ። ኃይለመስቀልም ቀስ ብሎ ቀና አለና አየኝ፤ እንደዚያ እንደመጀመሪያው ቀን። ያኔ እኔ ማየት አቃተኝ። ዓይኔ ሞልቶ ሁሉም ደበዘዙብኝ። በግምት ነው የተጫንኩት፤ ደግሞም እንባዬን ጠርጌ ደጋገምኩት።

ስመለስ የካሜራውን እግር ተሸክሞ ተከተለኝ። በግራ እጁ ነው የያዘው። አጥሩ በር ላይ ስንደርስ ቆመ።

“ይቅር አልሽኝ?” አለኝ።

“ገና ነኝ” አልኩት።

“እናቴንስ?”

“እሷንማ ጨርሶ አላልኩም።”

ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። የአጥሩን በር ከፈትኩ፤ ከዚያ ግን እግሬ አልሄድ አለ። ጆሮዬ ወደ ኋላ ነው። ብርጭቆው ካቡ ላይ ተቀምጧል፤ ጌታነሽ አጠገቡ ናት፤ እኔ ደግሞ እንደዚያ ቀን በሩ ላይ ነኝ። ያንን ድምፅ ጠበቅኩ። እየሩስ ሕፃናቱን ስትጠራ ተሰማ፤ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ ከዚያ ውኃ ሲቀዳና ብርጭቆ ሲታጠብ፣ ከሌሎቹ ጋር ሲደረደር ተሰማ።

ኃይለመስቀል ምን እንደምጠብቅ ገብቶታል። ዓይኔን ብቻ ያይ ነበር። እኔም አየሁት፤ እንባዬ ወረደ። ብትሰብረው ኖሮ ይቀለኝ ነበር።